የ21 ካርታው ጨዋታ የማን ነው?

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፥ ቦንጋ

በቅርቡ በተደረገው የተማሪዎች የመዝናኛ ምሽት ላይ፥ በዘፈኑና በድራማው መካከል አንድ ትንሽ ውሸት ተነግሯል። የተናገረው መድረክ መሪው ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። «አሁን ደግሞ ወንድማችን ራሱ የፈለሰፈውን የካርታ ምትሐት ያሳየናል» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ካርታዬን ይዤ ወጣሁ። «ራሱ የፈለሰፈውን» የሚለውን ቃል ማረም ይገባኝ ነበር። አላረምሁም። ጭብጨባ ደስ ይላል።

እውነቱን ለመናገር፥ ውሸቱ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ከጨና ወረዳ የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመኝታ ክፍላችን ጨዋታውን አይቶ «ጋሼ፥ ይህን ማን አስተማረህ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ጋሼ» ሲለኝ ልቤ አብጦ ኖሮ «ከራሴ ነው ያወጣሁት» አልሁት። መድረክ መሪው የሰማው ይህንኑ ነው።

በዚያ ምሽት ያልነበራችሁ አንባብያን ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ ጨዋታውን ላስረዳ። 21 ካርታ ተቆጥሮ ይያዛል። አንድ ሰው ከነዚህ አንዱን በልቡ ይመርጣል፤ ለማንም አይናገርም። ካርታዎቹ ፊታቸው እየታየ፥ አንዱ ለግራ፥ አንዱ ለመካከል፥ አንዱ ለቀኝ እየተባለ፥ በሦስት ረድፍ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱም ረድፍ 7 ይሆናል። መራጩ ካርታው ያለበትን ረድፍ ብቻ እንዲጠቁም ይጠየቃል። ረድፎቹ ሲሰበሰቡ የተጠቆመው ከሁለቱ መካከል እንዲገባ ይደረጋል። ሁለተኛ ይደረደራል፥ ይጠየቃል፥ ይሰበሰባል፤ ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ከላይ እየቆጠረ ይጥላል፤ 11ኛው ላይ ሲደርስ በልብ የተያዘው ካርታ ይወጣል። በዚያ ምሽት የመረጠችው እኅታችን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ጮኸች። ከኋላ መደዳም «ኧረ ይኼ ልጅ ጠንቋይ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከአዳራሹ ስወጣ አንድ የሒሳብ መምህራችን በሩ ላይ አገኙኝ። «ጥሩ አድርገህ ሠራኸው» አሉኝ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው «ግን መቼ ነው የፈለሰፍኸው? እኔ ልጅ ሆኜ አይቼው ነበርና ብዙ ዘመን ኖረሃል ማለት ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም የምመልሰው አጥቼ ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፥ በማግሥቱ የጨዋታውን ሥር ፍለጋ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ያስተማረኝን ሰው ነው። እርሱም በውሽውሽ፥ በሻይ ልማቱ አካባቢ ያደገው የአክስቴ ልጅ ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ሳለ፥ ከአሮጌ ካርታ ላይ 21 ቆጥሮ ያሳየኝ እርሱ ነው። ለእርሱ ደግሞ ያሳዩት ሻይ ለመጫን ይመላለሱ የነበሩ አንድ የጅማ ሾፌር ናቸው። ስልካቸውን ተቀብዬ ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፥ ያን የካርታ ጨዋታ ማን ነው ያስተማረዎት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰው ነዋ ልጄ! ካርታ እንደ ኮረሪማ ከጫካ ይለቀማል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩን አስታወሱ። በአሰብ መንገድ ረዳት ሆነው ይሠሩ በነበረበት ጊዜ፥ መኪና ተበላሽቶ ባደሩበት አንድ ሌሊት፥ አንድ ሽማግሌ ሾፌር በፋኖስ ብርሃን አሳይተዋቸዋል። ሽማግሌው ከማን እንደ ተማሩት አልጠየቋቸውም። «እኔ የፈለሰፍሁት ነው ግን አላሉኝም» አሉኝ ጋሼ። ይህች ቃል እንደ እሾኽ ወጋችኝ። ሽማግሌው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የእኔ ሰንሰለትም እዚያው በአሰብ መንገድ ላይ ይቆማል። እኔ፥ የአክስቴ ልጅ፥ የጅማው ሾፌር፥ ሽማግሌው፤ አራት ሰዎች። ከአራታችን መካከል «የኔ ነው» ያልሁት እኔ ብቻ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

የሰው ሰንሰለት ቢቆም የመጻሕፍት ሰንሰለት አለ። እኒያው የሒሳብ መምህር መጽሐፍ አውሰውኝ፥ ከዚያም ከሌላ ከሌላው እያመሳከርሁ፥ የሚከተለውን አገኘሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጫወቻ ካርታ ራሱ ወደ አውሮፓ የገባው በ1370ዎቹ ነው። ሊቃውንቱ የመጣው ከእስላሙ ዓለም፥ በተለይም ከግብጽ ማምሉኮች ነው ይላሉ፤ ከማምሉኮቹም ካርታ አንድ ጥቅል ጥቂት ብቻ ጎድሎበት በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በላዩም ጽዋ፥ ሳንቲም፥ ሰይፍና የገና ዱላ የመሰለ የፈረስ ጨዋታ ዱላ ተሥሎበታል። እንግዲህ «የፈረንጅ ጨዋታ» እያልን የምንጠራው ካርታ ወደ ፈረንጅ አገር የሄደው በጎረቤታችን በግብጽ በኩል ነው። ይህን ሳነብ ለራሴ ሳቅሁ።

በካርታ የሚሠራ ጥበብን በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሉካ ፓቾሊ የተባለው የኢጣልያ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ነው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ ነበር። በ1500 ገደማ ያዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ የቁጥር ጨዋታዎችንና የካርታ ጥበቦችን ይዟል፤ ነገር ግን በቦሎኛ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለ500 ዓመት ያህል ሳይታተም ቀረ። በ1584 ደግሞ ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የጥንቆላን ጉዳይ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ብዙ ምስኪኖች «ጠንቋዮች ናችሁ» እየተባሉ ይገደሉ ነበርና፥ ስኮት የካርታንና የሳንቲምን ምትሐት አንድ በአንድ እየፈታ የሰይጣን ሥራ ሳይሆን የእጅ ቅልጥፍና መሆኑን አሳየ። ከኋላ መደዳ ለጮኸው ወንድሜ ይህን መጽሐፍ በስጦታ ብሰጠው ደስ ባለኝ።

ወደ እኛው ጨዋታ የሚያደርሰን ግን በ1612 በፈረንሳይ፥ በሊዮን ከተማ የታተመው የባሼ ደ ሜዚርያክ መጽሐፍ ነው። ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በቁጥር የሚደረጉ አስደሳችና ጣፋጭ ጥያቄዎች» እንደ ማለት ነው። ካርታዎችን በረድፍ ደርድሮ፥ ረድፉን ብቻ ጠይቆ፥ በልብ የተያዘውን ማወቅ የሚቻልበት መንገድ በዚያ ውስጥ ተጽፏል። ባሼ ራሱ ግን ከእርሱ በፊት በሰው አፍና በጽሑፍ ይኖሩ የነበሩ ጨዋታዎችን የሰበሰበ ሰው እንጂ ሁሉን የፈለሰፈ አይደለም። እንግዲህ የኔ «ፍልስፍና» ከ400 ዓመት በላይ የሆነው፥ በታተመበትም ጊዜ አሮጌ የነበረ ነገር ሆኖ ተገኘ። መምህራችን «ብዙ ዘመን ኖረሃል» ማለታቸው ትክክል ነበር።

አሁን ስለ ስሙ ልናገር፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት እርሱ ነውና። በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ዓይነት ጨዋታ «የዠርጎን ክምር» እየተባለ ይጠራል። ዠርጎን ማን ነው? ከ1810 ጀምሮ የሒሳብ መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ ፈረንሳዊ ነው። በ1813 እና 1814 መካከል በዚያው መጽሔት በ27 ካርታ ስለሚሠራው ጨዋታ ጽፎ ምክንያቱን አስረዳ። ይኸውም ባሼ ካሳተመ ከ200 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዠርጎንን ለመውቀስ አይደለም፤ የሠራው ሥራ ግሩም ነው። ምሥጢሩ ይህን ይመስላል። አንድ ጥያቄ ካርታዎቹን በሦስት ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ 21ዱን ወደ 7 ያወርዳል። ሰባቱ ከመካከል ገብተው እንደ ገና ሲደረደሩ በሦስቱ ረድፎች ላይ ይበተናሉ፤ ከአንዱ ረድፍ ላይ ከ3 የበለጡ አይውሉም። ሁለተኛው መልስ ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ያወርዳቸዋል። እነርሱም ከመካከል ገብተው ለሦስተኛ ጊዜ ሲደረደሩ እያንዳንዳቸው በየረድፋቸው አራተኛ ላይ ይውላሉ። ሦስተኛው መልስ አንዱን ይለየዋል፤ ከላዩ የሚቀመጡት 7 ካርታዎችና በረድፉ ከእርሱ የሚቀድሙት 3 ሲደመሩ 10 ነውና፥ እርሱ 11ኛ ይሆናል። እጅ አይፈጥንም፥ ዐይን አይታለልም፤ ሦስት ጊዜ በሦስት መክፈል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ በሦስት ሲባዛ 27 ስለሚደርስ በ27 ካርታም ይሠራል፤ የተጠቆመው ሁልጊዜ ከመካከል ከገባ 14ኛ ሆኖ ይወጣል። ዠርጎን ያስረዳው ደግሞ የተጠቆመውን ክምር አንድ ጊዜ ከላይ፥ አንድ ጊዜ ከመካከል፥ አንድ ጊዜ ከታች በማድረግ፥ ካርታውን በተፈለገው ቁጥር ላይ ማውጣት እንደሚቻል ነው። እኔ ይህን ለሁለት ሳምንት ተለማምጄ አሁን ከአሥሩ ዘጠኙ ይሳካልኛል፤ አንዱ የሚበላሸው ስለ ፈጠንሁ ነው።

እንግዲህ አንዱ ፈለሰፈው፤ ስሙ ጠፍቷል። ባሼ መዘገበው። ዠርጎን ፈታው። በአሰብ መንገድ ላይ የነበሩት ሽማግሌ አስተላለፉት። እኔ በመድረክ ላይ አሳየሁት። እነዚህ አምስት የተለያዩ ሥራዎች ሲሆኑ ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የአንዱ ምስጋና ለሌላው ሲሰጥ ነገሩ ይበላሻል። የፈታው ሰው ስም በፈለሰፈው ቦታ ላይ ተጻፈ፤ ዛሬ ሊፋቅ አይችልም።

የክፍል ጓደኛዬ፥ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የነበረ ወንድም ያለው፥ ይህን ስነግረው እንዲህ አለኝ። «በኛ አገር ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን ተማርህ ተብሎ ነው። የመምህሩን ስም ያልጠራ ሰው እንደ ተማረ አይቈጠርም። ቅኔ ዘረፈ ማለት ደግሞ ከራሱ አፈለቀ ማለት እንጂ የሰው ነጠቀ ማለት አይደለም፤ አንተ ግን የዘረፍኸው በገበያው ትርጕም ነው።» ተናድጄ ትራስ ወረወርሁበት። ሆኖም ልክ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የካርታ ነው፤ ብዙዎቻችሁም «ለጨዋታ ይህን ያህል ምን አስጨነቀው?» ትሉ ይሆናል። እኔንም ነገሩ ከካርታ አልፎ የታየኝ ስለ ቡናችን ባሰብሁ ጊዜ ነው። እኔ የካፋ ልጅ ነኝ፤ የተወለድሁትም በጊምቦ ወረዳ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያበሳጨኝ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አረቢካ» ነው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 የዕፅዋትን ስም ሲያወጣ ቡናችንን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ ሰየመው። አውሮፓውያን ያገኙት በየመን በኩል ስለ ነበረ ነው። ዱር በቀል ሆኖ በተለይ የሚገኘው ግን በዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው፤ የዘር ምርመራም የየመኑ የእርሻ ቡና ከኢትዮጵያው የወጣ መሆኑንና የኛው ደን የያዘው የዘር ዓይነት እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ዩኔስኮም የካፋን ደን በ2010 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ስሙ እስከ ዛሬ «አረቢካ» ነው። የአስተላላፊው ስም በምንጩ ቦታ ላይ ተጻፈ። የዠርጎን ነገር በቡና ላይ ተደገመ ማለት ነው።

ይህን በማለቴ የሚቃወመኝ በቦንጋ የለም። ቀጥሎ የምጽፈው ግን ላያስደስት ይችላል።

እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምንናገራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ኮፊ» የሚለው ቃል «ካፋ» ከሚለው ስማችን ወጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው ካልዲ የሚባል የካፋ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አይቶ ቡናን አገኘ የሚለው ነው። ሁለቱንም እኔ ራሴ ለእንግዶች ተናግሬአለሁ፤ በጥሩ ድምፅም ተናግሬአለሁ።

ስለ ቃሉ፥ የቋንቋ ሊቃውንት አብዛኞቹ የሚከተሉት መንገድ ከአውሮፓ ቋንቋዎች ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፥ ከዚያም ወደ ዐረብኛው «ቀህዋ» ነው፤ ይህም ቃል ቀድሞ የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። የካፋና የኮፊ ድምፅ መመሳሰል ያምራል፤ ማማር ግን ማስረጃ አይደለም። እኛ በካፊኛ ፍሬውን «ቡኖ» እንለዋለን፤ ዐማርኛው «ቡና» ይለዋል፤ ዐረቡም «ቡን» ይለዋል። ስለ ቃል ዝምድና መናገር ካስፈለገን የራሳችን ቃል አለን፤ ከ«ኮፊ» ጋር ምን አጣበቀን?

ስለ ካልዲ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህን ታሪክ በአውሮፓ በመጽሐፍ ያሳተመው በሮም ያስተምር የነበረ አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮን ክርስቲያን ሲሆን ዘመኑም 1671 ነው። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። እንስሶቹም ግመሎች ወይም፥ ሌሎች እንደሚሉት፥ ፍየሎች ናቸው ይላል። አገሩ ደግሞ ካፋ አይደለም፤ የመን ነው! ስሙ ኋላ ተጨመረ፤ አገሩም ኋላ ተለወጠ። እንግዲህ የኛ አባቶች በደኑ ውስጥ ከቡናው ጋር ኖረው ሳለ፥ እኛ ለልጅ ልጆቻቸው የምናስተምረው ሮም ውስጥ ስለ የመን የተጻፈን ተረት ነው፤ በላዩም ላይ የኛ ያልሆነ ስም ለጥፈንበታል።

መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከጎማ ወረዳ የመጣ ወንድም አለ። እርሱ «ቡና የተገኘው በጮጬ ነው» ሲል እኔ «በዴቻ ወረዳ በማንኪራ ነው» እላለሁ፤ ክርክሩ ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ ይቆያል። የሚያስቀው ነገር ሁለታችንም ካልዲን ለየራሳችን መውሰዳችን ነው። አንድ ሰው በሁለት ወረዳ ተወለደ! ካልዲን ከመካከላችን ብናወጣው ግን የሚቀረው ነገር ሁለታችንንም የሚያኮራ ነው፤ ደኑ የኔም ደን ነው፥ የእርሱም ደን ነው።

የመኖችን ደግሞ የሚገባቸውን መንፈግ የለብንም። ቡናን እንደ መጠጥ ስለ መጠጣት ያለው ቀደም ያለና የታመነ ማስረጃ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩትን የየመን ሱፊዎች የሚመለከት ነው፤ ለሌሊት ጸሎት መትጊያ ይጠጡት ነበር። ዛፉ ከዚህ፥ ቀደም ያለው የመጠጡ መዝገብ ከዚያ። ይህን መናገር ከካፋ ምን ይቀንሳል?

አንድ የማከብረው ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብቦ ተቆጣኝ። ቁጣው ከባድ ስለ ሆነ ሳላሳጥር ልጻፈው። «ይህ ሕዝብ እስከ 1897 የራሱ ንጉሥ የነበረው ሕዝብ ነው። ጋኪ ሸሮቾ ከተያዘ በኋላ ታሪኩን የጻፉለት ሌሎች ናቸው። ስሙን ሌላ ወሰደ፥ ትርፉን ሌላ ወሰደ። አሁን በእጁ የቀረችውን አንዲት ተረት አንተ፥ የገዛ ልጁ፥ በጋዜጣ ላይ ታፈርሳለህ። ሌላው የሰውን እየወሰደ ሳለ እኛ ብቻችንን ሐቀኛ ሆነን ማን ይጠቅመናል?»

በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። ስሜቱን አልነቅፍም፤ የእኔም ስሜት ነው። ነገር ግን ተረቷ በእጃችን የቀረች ሳትሆን ከሌላ እጅ የተቀበልናት ናት። ደግሞም የውጭ አገር ሰው መጥቶ የናይሮኒን መጽሐፍ ቢያሳየን ምን እንመልሳለን? ተረቱ ሲወድቅ ከተረቱ ጋር የተያያዘው እውነትም አብሮ የተጠረጠረ ይሆናል። እኔ በመድረክ ላይ ያን ካርታ ያለ ስሕተት ሠርቼው ነበር፤ ሥራው የኔ ነበር። «የፈለሰፍሁት ነው» በመባሉ ግን መምህሩ ያዩት ሥራዬን ሳይሆን ውሸቴን ነው። ጓደኛዬ ይህን መልሴን ሰምቶ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ አነባለሁ።

ደግሞ «ምትሐተኛ ምሥጢሩን አያወጣም፤ አንተ ግን በጋዜጣ ዘርዝረህ ጻፍኸው» የሚሉ አሉ። ከ400 ዓመት በፊት የታተመ ምሥጢር ምሥጢርነቱ ያበቃ ይመስለኛል። ይህም ባይሆን ምሥጢርን መጠበቅና ባለቤትን መደበቅ የተለያዩ ናቸው። «እንዴት እንደሚሠራ አልነግርህም፤ ያስተማረኝ ግን እገሌ ነው» ማለት ይቻላል።

ይህን ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ በአገራችን ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ጨዋታ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ አውጥተዋል። በየአካባቢው ያለውን አጨዋወት ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው «የኢትዮጵያ ገበጣ ይህ ነው» በማለት ፈንታ፥ እያንዳንዱን ለየብቻው እየለዩ መዘገቡት። ገበጣን ማን ፈለሰፈው ብለውም ፈጣሪ አላቆሙለትም። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «ገበጣን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ቢል የሚያምነው የለም። ስለ ካርታ፥ ስለ ቡና፥ ስለ እንቆቅልሽ፥ ስለ ዘፈንም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስፈልገናል።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በመዝናኛ ምሽታችን የሚቀርብ ሁሉ፥ ዘፈንም ሆነ ቀልድ ወይም ምትሐት፥ ከማን እንደ ተገኘ መድረክ መሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። የሚቀርበው በእርግጥ የራስ ሥራ ከሆነ ያም ይነገር፤ ያን ጊዜ ጭብጨባው ይበልጥ ይጣፍጣል። ይህ ጋዜጣም ግጥምና እንቆቅልሽ ሲያወጣ «ከእገሌ የሰማሁት» የሚል መስመር ይኑረው። ለቡና ሙዚየማችን ጎብኝዎች የምናስረዳ ተማሪዎች ደግሞ ካልዲን ከፈለግን በተረትነቱ እንናገረው፤ «አንድ የሮም መምህር በ1671 ስለ የመን እረኛ የጻፈው ተረት ነው» እንበል፤ ከዚያም ወደ ደኑ እንውሰዳቸው። ደኑ ራሱ ይናገራል።

ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ያን ከጨና የመጣውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ፈልጌ አገኘሁት። ውሸቴን ነገርሁት፤ ሰንሰለቱንም፥ የአክስቴን ልጅ፥ የጅማውን ሾፌር፥ የአሰቡን ሽማግሌ፥ ባሼንም ዠርጎንንም፥ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ልጁ ወረቀቱን አይቶ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፥ እኔ እኮ ለመስቀል አገር ቤት ሄጄ ለታናናሾቼ አስተምሬአቸዋለሁ። እነርሱም ለሰፈሩ ልጆች አስተማሩ» አለኝ።

«ታዲያ የማን ነው አልሃቸው?»

«ያንተ ነዋ። አሁን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ጨዋታውን የሚጠራው በስምህ ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተው። የሚቀጥለው ጉዞው ለገና ነው።